አማርኛ በፒክስል ፎንት፦ ፊደላችን 8 በ8 ካሬ ውስጥ ይገባል?

ካሬ_ልጅ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጎዶት በሚባለው የጌም መስሪያ ፕሮግራም አንድ ትንሽ ጌም እየሰራሁ ነው። መልኩ የድሮ እንዲሆን ነው የፈለግኩት፣ ሰፈር ውስጥ ጌም ቤት ገብተን ተራ ጠብቀን የምንጫወተው የካሴት ጌም ዓይነት። ስዕሉ በሙሉ በፒክስል ነው፣ ማለትም ስክሪኑን በሚሞሉት ትንንሽ ካሬ ነጥቦች። ስክሪኑ 320 በ180 ነው፣ 6 እጥፍ ሲያድግ 1920 በ1080 ላይ ልክክ ይላል። ገጸ ባህሪዎቹ 16 በ16 ናቸው።

የቸገረኝ ጽሑፉ ነው። ለእንግሊዝኛው ፕሬስ ስታርት 2ፒ የሚባለውን ፎንት ተጠቀምኩ፣ በጣም አማረ። አማርኛ ስጽፍ ግን ፎንቱ ውስጥ ፊደላችን የለም። ኮምፒውተሩ ከራሱ ሌላ ፎንት ያመጣና በዚያ ሁሉ ካሬ መሀል ቀጭን፣ ለስላሳ ፊደል ይደነቅርበታል። ያየው ሰው ሁሉ ጽሑፉ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው።

ራሴ ልሳለው ብዬ 8 በ8 ካሬ ላይ ጀመርኩ። ሀ፣ ለ፣ በ፣ ተ ቆንጆ ሆነው ወጡ። ሸ ላይ ስደርስ ጠበበኝ። ሜ፣ ሼ፣ ጬ ላይ ጭራሽ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ሆኑ። ፎንቱን ከፍ ባደርገው ደግሞ ይደበዝዛል፤ 20 ላይ ሳደርገው ጠርዙ ሁሉ ግራጫ ይሆናል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እና የተዘጋጀ የአማርኛ ፒክስል ፎንት አለ? ከሌለ ስንት በስንት ላይ ልስራው? ሌላው ደግሞ ገጸ ባህሪዎቹ ብዙ ያወራሉ፣ ንግግሩም በፒክስል ይሁን ወይስ ርዕሱ ብቻ? የሚጫወተው ልጅ አማርኛውን ደስ ብሎት እንዲያነበው ነው የምፈልገው፣ ታክቶት ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ እንዲቀይረው አይደለም።


ፊደል_ቀራጭ፦

ወንድሜ፣ ይሄ ጉዳይ እኔንም ሲያንገበግበኝ የኖረ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

መጀመሪያ 8 በ8ን እርሳው። ይሄ ልክ ለላቲን ፊደልና ለዚያ ዘመን ማሽን የተሰፋ ነው። የኔንቴንዶ የ8 ቢት ማሽን ስክሪኑን የሚገነባው 8 በ8 በሆኑ ጡቦች ነበር፣ ለጀርባው ምስል በአንድ ጊዜ የሚይዘውም 256 ጡብ ነው። ላቲን 26 ትልልቅ ፊደል፣ 10 ቁጥርና ጥቂት ምልክት ወስዶ ሌላውን ለግድግዳና ለዛፍ ይተወዋል። የኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እነ ቋ፣ ጓና ሟ ሳይቆጠሩ። ፊደሉ ብቻውን ማሽኑን ይሞላዋል። ቪጂኤ የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር የጽሑፍ ስክሪንም ያው ነበር፣ በአንዴ 256 ምስል፣ በብልሃት ቢጎተት 512። አሁን አንተ ላይ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ታዲያ ለምን የሌላ ሰው ልብስ ፊደላችን ላይ እናጠባለን?

የፕሬስ ስታርት 2ፒን መልክ ልብ ብለህ እየው። የተቀዳው ናምኮ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ ከሰራቸው የአርኬድ (በሳንቲም የሚሰሩ) ጌሞች ፊደል ነው። ቋሚው መስመር 2 ፒክስል፣ አግድሙ 1 ፒክስል ነው። ያንን «የድሮ ጌም» ስሜት የሚሰጠው ይሄ ነው። የቤት ቴሌቪዥን ላይ 1 ፒክስል ብቻ የሆነ ቋሚ መስመር ቀለሙ ይፈስ ስለነበር ወፍራም ቋሚ በዚያን ጊዜ ይጠቅምም ነበር። አሁን ይሄንን ወደ ጠ አምጣው። ሦስት እግር፣ እያንዳንዱ 2 ፒክስል፣ 6 ሆነ። በመሀላቸው ሁለት ክፍተት፣ 8 ሆነ። ካሬው አለቀ! ጡ ለመሆን የሚያስፈልገው ሰረዝ የት ይቀመጥ? ከሚቀጥለው ፊደል የሚለየው ክፍተትስ? ጨ ደግሞ እግሩ ላይ ክብ አለበት፣ ጬ ሌላ ክብ ይጨምራል።

ስለዚህ መስመሩን 1 ፒክስል አድርገው፣ ቁመቱን 12 አድርገው፣ ስፋቱን ደግሞ ለፊደሉ ተወው። ፒክስል ሲባል ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ይኑረው ማለት አይደለም። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ላይ ሱዛን ኬር የሳለችው ቺካጎ የሚባለው ፊደል በካሬ ነው የተሰራው፣ ግን ጠባቡ ጠባብ፣ ሰፊው ሰፊ ነው፣ ለዚህም ነው እንደ ልብ የሚነበበው። እሱኑ ፎንት አፕል በ2001 የመጀመሪያው አይፖድ ላይ መልሶ ተጠቀመበት፣ ትንሽ ስክሪን ላይ የሚያሸንፈው አላገኘም መሰለኝ። የፊደል ነዳፊዋ ዙዛና ሊችኮም በ1985 ከማኪንቶሹ ስክሪን ተነስታ እነ ኦክላንድና ኤምፐረር የሚባሉትን ፎንቶች ስትሰራ ካሬውን ለመደበቅ አልሞከረችም፣ ካሬው ራሱ የፊደሉ ጠባይ ሆነ። እኔ ለአማርኛም የምመኘው ይሄንን ነው፣ የላቲኑን መልክ መኮረጅ ሳይሆን የራሳችን ፊደል በካሬ ሲሰራ ምን እንደሚመስል ማየት።

እንዲህ ከፋፍለው። የላይኛውን 1 ረድፍ ለነ ሸ፣ ቸና ኘ ሰረዝ ተወው። ቀጥሎ 9 ረድፍ ለአካሉ። የታችኛውን 2 በመስመርና በመስመር መሀል ላለው አየር። የካዕብ ሰረዝ አካሉ ወገብ ላይ፣ የሣልስ ሰረዝ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይሁን። በመሀላቸው ቢያንስ 3 ባዶ ረድፍ ካለ ሁና ሂ አይምታቱም። የኀምስ ክብ 3 በ3 ነው፣ መሀሉ 1 ባዶ። ሰና በን የሚለየው አናታቸው ነው፤ የሰ አናት 1 ፒክስል ሹል ይሁን፣ የበ ጠፍጣፋ።

አራት ነጥብ ግን ለፒክስል የተፈጠረ ነው የምልህ። አራት ካሬ አስቀመጥክ፣ አለቀ፣ ምንም አልጎደለበትም። ሁለት ነጥብም እንደዚሁ። የግዕዝ ቁጥሮች ግን ከላይም ከታችም ሰረዝ ስላላቸው ከ12 በታች አትሞክራቸው፣ የጌሙን ነጥብ ለማሳየት ከፈለግካቸው ለብቻቸው ከፍ አድርገህ ሳላቸው።

የተዘጋጀ ላልከው ጂኤንዩ ዩኒፎንት አለ። ቁመቱ 16 ነው፣ ኢትዮጵያዊው ፊደል አለው፣ ፈቃዱም ጌም ውስጥ ለማስገባትና ለማሻሻል ይፈቅድልሃል። ቀጭን ነው፣ ትንሽ የቢሮ መልክ አለው፣ ግን ሥራህን ዛሬውኑ ያስቀጥልሃል። 180 ከፍታ ላይ 11 መስመር ይይዝልሃል፣ የራስህ ባለ 12 ቢሆን 15።

መደብዘዙ የሚመጣው ደግሞ ፎንቱን ከተሰራበት ልክ ውጭ ስለምታስኬደው ነው። 8 ላይ የተሳለ ፎንት 8፣ 16፣ 24 ላይ ነው ንጹህ የሚሆነው። 20 ላይ አንዱ ፒክስል ሁለት ተኩል ይሆናል፣ ግማሽ ፒክስል ደግሞ የለም፣ ስለዚህ በግራጫ ይሞላዋል። ጎዶት 4 ላይ ፎንቱን መርጠህ ኢምፖርት የሚለው ገጽ ላይ አንቲአሊያሲንግን፣ ሂንቲንግንና ሰብፒክስል ፖዚሽኒንግን (የፊደሉን ጠርዝና ቦታ የሚነካኩ ቅንብሮች ናቸው) ሦስቱንም አጥፋቸው።


የቦርድ_ሰው፦

እኔ ጌም አልሰራም። መርካቶ ነው ያለሁት፣ ሱቅ በር ላይ የሚበራውን የኤልኢዲ ጽሑፍ ቦርድ እሰራለሁ። ግን ይሄ ወሬ የኔም የየቀን ወሬ ነው።

እኛ የምንጠቀመው ፒ10 የሚባለውን ፓነል ነው። አንዱ ፓነል 32 በ16 ነጥብ ነው፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ 10 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ እዚህ ቤት ፒክስል ምርጫ አይደለም፣ ያለው እሱ ብቻ ነው። «ፋርማሲ» አራት ፊደል ነው፣ ለእያንዳንዱ 8 ነጥብ ብትሰጠው አንዱን ፓነል ልክ ይሞላዋል። ሰሪው ሁሉ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ተራ ፎንት ወስዶ አሳንሶ ቦርዱ ላይ ይለቀዋል። ያ ፎንት ለወረቀት የተሰራ ነው። 16 ነጥብ ላይ ሲጨመቅ ክቡ ይደፈናል፣ ሰረዙ ይጠፋል። ከዚያ ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ «ሆቴል» የሚለው ጽሑፍ «ሀተል» መስሎ ሲበራበት ይውላል። ይሄ ያናድደኛል። ፊደሉ በእጅ ቢሳል ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ፊደል_ቀራጭ የጻፍከው ለስክሪን ልክ ነው፣ ብርሃን ላይ ግን አንድ ነገር ይለያል። የመብራቱ ነጥብ ከራሱ ቦታ አልፎ ይፈነጥቃል። 1 ነጥብ ባዶ ያልከው ቀዳዳ ማታ ከሩቅ ሲታይ የለም፣ ተደፍኗል። መና ወ የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ናቸው፣ ቀዳዳው ሲደፈን ሁለቱም አንድ ድቡልቡል ይሆናሉ። እኔ ለቦርድ ቀዳዳውን 2 በ2 ነው የማደርገው፣ ወን ክብ አድርጌ በመሀሉ ቋሚ አቆምበታለሁ፣ መን ደግሞ ሁለቱን ክብ ዝቅና ከፍ አድርጌ አያይዛቸዋለሁ። ስፋት ይበላል። ይብላ። ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ካላነበበው ቦርዱ ለምን ተሰቀለ?

ሌላው የሚንሸራተት ጽሑፍ ነው። አማርኛ ላይ ሲንሸራተት ባና ቦ ይምታታሉ፣ አንዱ ቀኝ እግሩ ነው የረዘመው አንዱ ግራ። እግሩ በ1 ነጥብ ብቻ ከረዘመ ዓይን አይይዘውም። 3 ነጥብ አድርጉት። ጌሙ ላይ የሚንሸራተት ጽሑፍ ካለህ ይሄንን አስብበት።


መምህርት_ነኝ፦

የታችኛው ክፍል ልጆችን ፊደልና ንባብ አስተምራለሁ፣ ስለ ንግግሩ የጠየቅከውን ነው የምመልስልህ።

የእኔ ሐሳብ ርዕሱ፣ ቁልፎቹ፣ ነጥቡና የዕቃዎቹ ስም በፒክስል ይሁኑ፣ ረጅሙ ንግግር ግን በተራ ፎንት ይሁን ነው። ትልቅ ሰው ሲያነብ የለመደውን ቃል ቶሎ ያውቀዋል፣ አንድ ሰረዝ ብትጠፋም አያደናቅፈውም። ልጅ እንደዚያ አይደለም። ፊደል በፊደል ነው የሚሄደው። ሙ ይሁን ሚ ካልለየ እዚያው ቆመ። ሁለት ቦታ ከቆመ ደግሞ ጌሙን ትቶ ሄደ። ክፍል ውስጥ የማየው ይሄንኑ ነው፣ ልጁ ማንበብ ስለማይችል አይደለም፣ የታተመው ፊደል ስለማይለይ ነው። ያንን ልጅ «ሰነፍ» ሲሉት እሰማለሁ፣ ያሳዝነኛል።

በፒክስል ይሁን ካልክ ግን እባክህ በቃላት መሀል ያለውን ክፍተት አስፋው። በፊደላት መሀል 1 ፒክስል ከሆነ በቃላት መሀል 4 ይሁን። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደጀመረ የሚያሳይ ምልክት የለም፣ ስለዚህ ልጁ የሚይዘው ያንን ክፍተትና አራት ነጥቡን ነው። ላጉላው የምትለው ቃል ካለም ቀለሙን ቀይርለት።

ደግሞ በእነዚህ ጌሞች ላይ ጽሑፉ አንድ አንድ ፊደል እያለ ነው የሚመጣው አይደል? ፍጥነቱን ከእንግሊዝኛው አትቅዳ። የኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ነው የሚመጣው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን ሲጻፍ አምስት ይሆናል። በዚያው ፍጥነት ከለቀቅከው ልጁ ሳይደርስበት መስመሩ ያልቃል።


ጥልፍ_በቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የመስቀለኛ ጥልፍ ነው የምሰራው፣ የትራስ ልብስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል «እንኳን ደህና መጣችሁ»፣ የልጅ ስም። ፒክስል የምትሉት ነገር እኛ ጨርቅ ላይ ስንቆጥረው የኖርነው ቀዳዳ ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ፊደሉን አስቀድሜ እስለዋለሁ፣ ከዚያ እየቆጠርኩ እወጋለሁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ጥለቱን የሚያወጣው ድርና ማጉን ቆጥሮ ነው፣ እና ለዓይናችን እንግዳ የሆነ መልክ አይደለም ባይ ነኝ። መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በካሬ የተሰራ ፊደል ሁሉ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው በሚለው አልስማማም። በደንብ ከተሳለ ሴት አያቴም ታነበዋለች፣ ታነባለችም።

ስለ ክቡ አንድ ነገር ልበል። 3 በ3 ክብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማዕዘኖቹ ሙሉ ናቸው፣ 8 ካሬ ይሆናል። ሌላኛው ማዕዘኖቹን ትተህ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ 4 ብቻ ታስቀምጣለህ። ጨርቅ ላይ ባለ 4ቱ ይበታተናል፣ መስቀሎቹ በጫፋቸው ብቻ ስለሚነካኩ ክብ ሳይሆን ተራ ነጠብጣብ ይመስላል። ስለዚህ እኔ ማዕዘኑን ሞልቼ ነው የምሰራው። ስልክ ላይ የልጄን ጌም ሳየው ግን ባለ 4ቱ ነው ክብ የሚመስለው፣ የተሞላው ሳጥን ይመስላል። እንግዲህ ሁለቱንም ሞክረህ እየው።

ጨርቁ በአንድ ኢንች 14 ካሬ ያለው ከሆነ 12 ካሬ ቁመት ያለው ፊደል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚወጣው። ለትራስ በቂ ነው። ፊደሉን ከጨረስከው ሥዕሉን ለኛም ልቀቅልን፣ ሰው ሁሉ ከላቲን ጥልፍ መጽሐፍ ላይ እየገለበጠ የአማርኛውን በግምት ነው የሚሰራው።


ካሬ_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ይሄንን ያህል አልጠበቅኩም። ትናንት ማታ 12 ቁመት ላይ የሀን፣ የለን፣ የመን፣ የበንና የጠን ቤተሰብ ሳልኩ። ጤ በ7 ስፋት ገባ። ጬ 10 ወሰደ፣ ግን ይነበባል! ክቡን ባለ 4 ነው ያደረግኩት፣ ስክሪን ላይ እውነትም ክብ ይመስላል። ወን ደግሞ እንደ ቦርድ ሰው በመሀሉ ቋሚ አቆምኩበት።

መምህርት፣ የክፍተቱንም የፍጥነቱንም ነገር እቀበላለሁ፣ አስቤው የማላውቅ ነገር ነው። ንግግሩን ግን በፒክስል እንደያዝኩት ልሞክርና ለሰፈር ልጆች አስነብቤ አያለሁ፣ ካቃታቸው ተራውን ፎንት እመልሳለሁ። ቅንብሩ ውስጥም ፎንት መቀየሪያ አስገባለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ ፋይሉን እንዴት ልስራው የሚለው ነው። አሁን አሴፕራይት በሚባለው የፒክስል መሳያ ላይ ነው ያለው፣ አንድ ትልቅ ምስል። ፊደሎቹን በምን ቅደም ተከተል ልደርድራቸው?


ፊደል_ቀራጭ፦

በዩኒኮዱ (ለየፊደሉ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት) ቅደም ተከተል ደርድራቸው፣ ለዚህ ሥራ ሲባል የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 ነው፣ ቦታው ከ1200 እስከ 137ኤፍ ነው፣ በአስራ ስድስት ቤት አቆጣጠር። ያ 384 ቦታ ነው። አብዛኛው ፊደል 8 ቦታ ይይዛል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7፣ ስምንተኛው እንደ ሏና ሟ ላሉት። ስለዚህ ምስልህን 8 ዓምድ በ48 ረድፍ አድርገው። አንድ ረድፍ አንድ ፊደል ከነቤተሰቡ ይሆናል ማለት ነው። የጎደለ ቦታ ካለ ባዶውን ተወው፣ አትዝለለው፣ ከዘለልከው ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። ቁጥሮቹና አራት ነጥቡም መጨረሻ አካባቢ እዚያው ውስጥ ናቸው።

ጎዶት 4 ያንን ምስል እንደ ምስል ፎንት ይቀበልሃል፣ ዓምዱን 8፣ ረድፉን 48፣ ክልሉን እሱኑ ትሰጠዋለህ። ለሙከራ በቂ ነው። ግን እንዲሁ ከተውከው ለሁሉም እኩል ስፋት ነው የሚሰጠው፣ ጬ 10 ከሆነ ሀም 10 ይሆንና ቃሉ እንደ ወላቃ ጥርስ ይሆናል። ለመጨረሻው ፎንትፎርጅ በሚባለው የፎንት መስሪያ ላይ አስገባው። የፎንቱን ሙሉ ቁመት 1200 አድርገህ አንዱን ፒክስል 100 በ100 ካሬ አድርገህ ሳል፣ ስፋቱን ለየፊደሉ ለብቻው ስጠው፣ ከቀኝ 100 ባዶ ተውለት። ከዚያ ጌሙ ላይ በ12፣ በ24፣ በ36 ብቻ ተጠቀምበት።

ፈቃዱን ክፍት አድርገው፣ እህታችን ለጥልፏ እንደጠየቀችህ። የቦርድ ሰው፣ አንተ ጋ ያለው ቀዳዳው 2 በ2 የሆነው ባለ 16 ስዕል ካለ እሱንም አብረህ ብትለቀው አንዱ ለስክሪን፣ አንዱ ለመብራት ይሆናል። የነ ሠና የነ ጸ ቤተሰብ ላይ የሚቸግርህ ካለ ካሬ_ልጅ ምስሉን እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።